የሎከር ፊርማ

በሰው ስም መፈረም እችልበታለሁ። አሁን ይህን ስናገር እየፎከርኩ አይደለም፤ ድሮ ግን እፎክርበት ነበር። አንድን ፊርማ ሁለት ጊዜ ካየሁት በቃኝ፤ ሦስተኛውን እኔ ስፈርመው ባለቤቱ ራሱ የኔ አይደለም ብሎ አይክደውም። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው፤ የአምስቱንም ፊርማ ከራሴ አሳምሬ እፈርማለሁ። የራሴማ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንማርበት አዳራሽ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል። እኛ ግን ከዚያ እንበልጣለን፤ የዘገየ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። መምህሩ ከታች ማይክ ይዞ ያስተምራል፣ ማይኩ ሲበላሽ ደግሞ የፊት ሁለት ረድፎችን ብቻ ያስተምራል። ሕጉ ከመቶ ሰማንያ አምስት እጅ ክፍል ያልተገኘ ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና አይቀመጥም ይላል። ስም ይጠራ ቢባል ሰዓቱ በስም ጥሪ ያልቃል። ስለዚህ አቴንዳንሱ ከፊት ረድፍ ተነስቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከኋላ ሲደርስ ወረቀቱ ተጨማዶ፣ ሻይ ጠብ ብሎበት ነው። ማን ለማን እንደፈረመ የሚያይ የለም። ወረቀቱን ላየ ሰው አዳራሹ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ ወንበሮቹን ላየ ግን ግማሹ ባዶ ነው።

«ፈርሚልኝ» ይባላል። ይህችው አንዲት ቃል ናት፤ አንዷ የታመመች ቀን፣ ያላለቀ ሥራ ያለባት ቀን፣ ወይ ዝም ብሎ መነሳት ያስጠላት ቀን ትናገራታለች። «ለምን?» አይባልም። ለምን ብሎ የጠየቀ ውለታ እየቆጠረ ነው ይባላል፣ ይታማል። ይህን ያስተማረችን ማዘር ናት። ማዘር የምንላት በሰባት ዓመት ስለምትበልጠን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ይህን ስም ያወጡልኝ አንደኛ ዓመት ላይ ከካፌው ኃላፊ ጋር በአንድ ወንበር ምክንያት ሰዓት ሙሉ ስለተሟገትኩ ነው። ሎከር ደግሞ ሎከር የተባለችው የቁም ሳጥኗን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞርና የሆዷን ስለማታወጣ ነው። ከኔ አልጋ በላይ ያለው አልጋ የሷ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እግሯን እያየሁ ነው ከእንቅልፌ የምነሳው።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሎከር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት አበዛች። ካፌ አብራን መምጣት ተወች። ደብተሯን ትገልጥና አንድ ሰዓት ያንኑ ገጽ ታያለች። አይተናል። አላየንም ብል ዓይኔን በጨው አጥቤ መዋሸት ነው። አይተን ምን አደረግን? ቀለድን። «ሎከር ተቆልፋለች፣ ቁልፍ ሠሪ ጥሩ» አልን። እሷም ፈገግ ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ትንሽ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እኔ መስታወት ፊት ፀጉሬን እየያዝኩ ነበር።

«ፈርሚልኝ» አለችኝ። «ሰኞ እመጣለሁ።»

«ችግር የለም፣ ሂጂ» አልኳት። ዞር ብዬም አላየኋት።

ሰኞ አልመጣችም። ፈረምኩላት። ማክሰኞም ፈረምኩላት። ስልኳ ዝግ ነው። ቤተሰቧ ጋ ትንሽ አርፋ ትመጣለች አልኩ፣ ለሁለት ቀን የተጠየቅኩት ፊርማ ስድስት ሳምንት ሆነ። አራት ኮርስ ነው፣ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። እኔ ትምህርቱን ጥዬ የወጣሁበት ቀን አለ፣ ሎከር ግን በወረቀት አንድም ቀን አልቀረችም፤ ያን ቀን ወረቀቱ እስኪዞር ጠብቄ ለሷ ፈርሜ ነው የወጣሁት። የአጋማሹ ፈተና ሲመጣ ብቻ እጄ አጠረ። ፈተና ላይ መታወቂያ ይታያል፤ በሰው ስም መቀመጥ አይቻልም። «ድጋሚ ፈተና ይሰጧታል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቢያንስ አቴንዳንሷ ሙሉ ነው አልኩ። በዚህም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

በሰባተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት የጊቢው ዘበኛ እንግዳ አለሽ ብሎ አስጠራኝ። በሩ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ቆመዋል። የአውቶቡስ ድርጅት ኮት ለብሰዋል፣ በደንብ የተተኮሰ ነው። ክንዳቸው ሥር የላስቲክ ማኅደር አለ።

«ጠበቃ የምትባይው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ስሜን ሲጠሩት እንዳፈሩ ያስታውቃሉ። «የልጄ ጓደኛ። ጊቢው ሰፊ ነው፣ እሷ ታሳይሃለች ብላኝ ነው።»

የሎከር አባት ነበሩ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ቤተሰቧ የነገረችን ይህን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና ናት? ለምን ጠፋች?»

መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። ያ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ቤት ደረሰች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች፣ በቃ። አልበላም አለች፣ አልናገርም አለች። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዷት፣ እዚያው አስተኟት። የጭንቀት ሕመም ነው፣ የቆየ ነው አሏቸው። አምስት ሳምንት አልጋ ላይ ነበረች። አሁን ቤት ገብታለች፣ መናገርም ጀምራለች።

«ከጀመረች ወዲህ የምታወራው ስለ ትምህርቷ ብቻ ነው» አሉኝ። «ተባረርኩ ወይ ትለኛለች። አልተባረርሽም፣ ሄጄ አስተካክላለሁ አልኳት። ሐኪሙም ጽፎ ሰጥቶኛል። ይኸው፣ ሁለት ማኅተም አለው።»

አንጀቴን በሉት። «ችግር የለም ጋሼ፣ በሕመም ማቋረጥ ይቻላል» አልኳቸው፣ እንደ አዋቂ። ፎርሙ ይሞላል፣ የሐኪም ወረቀት ይያያዛል፣ በሚቀጥለው ዓመት ካቆመችበት ትቀጥላለች። ካልተሞላ ግን ያልተፈተነችው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ትባረራለች። ሕጉን በቃሌ ነው የማውቀው። እየመራሁ ወደ ሬጅስትራር ወሰድኳቸው።

መስኮት አራት ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። እሳቸው ማኅደሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፣ ሲጠጉም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጡ። የመስኮት አራቷ ሠራተኛ መነጽሯን አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለች፣ ድካም ፊቷ ላይ የሚታይ ሴትዮ ናት። ክፉ አይደለችም። ወረቀቱን አነበበች፣ ተነስታ ከመደርደሪያው ወፍራም ፋይል አመጣች፣ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«አባቴ፣ ልጅዎ ሆስፒታል የገባችው መቼ ነው?»

«ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን። ዓርብ።»

«ሰኞ ክፍል ነበረች» አለች። «ማክሰኞም ነበረች። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አንድ ቀን አልቀረችም። ይኸው ፊርማዋ።»

ፋይሉን በመስኮቱ በኩል አዞረችላቸው። እኔም አየሁት። ሎከር ስትፈርም የመጨረሻውን ፊደል ጅራት ወደ ላይ መልሳ ትቆልፈዋለች። ገጽ በገጽ ቆልፌዋለሁ። አንዱ ላይ ቀለሙ አልቆብኝ በሌላ እስክሪብቶ የደገምኩት እንኳ ይታያል።

«እህቴ፣ ስሕተት ነው» አሉ የሎከር አባት። «ልጄ አልጋ ላይ ነበረች። በእጄ ነው ያጎረስኳት።»

«እኔ ወረቀት ነው የማየው፣ አባቴ። በዚህ መንፈቅ ብቻ እንዲህ ዓይነት የሐኪም ወረቀት ይዘው የመጡ አምስት ናቸው። ክፍል ይማሩና ፈተናው ሲደርስ ፈርተው ይጠፋሉ፣ ከዚያ ሕመም ያሠራሉ።»

«ያሠራሉ?»

ቃሉ ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ። አብራችሁ አይደል የምትኖሩት? ክፍል ነበረች እንዴ?»

ካፌ ውስጥ በአንድ ወንበር ሰዓት ሙሉ የምሟገተው እኔ፣ ዓይኔን ከፋይሉ አላነሳሁም። ሴትዮዋ ታየኛለች። ከኋላችን ሃያ ሰው ቆሟል። በሰው ስም መፈረም አንድ ዓመት ያሳግዳል፤ ይህንንም በቃሌ አውቀዋለሁ።

«አዳራሹ ሰፊ ነው» አልኩ። «እኔ... ልብ አላልኩም።»

እኚያ ሰውዬ አላመኑኝም ብል ይቀለኝ ነበር። አመኑኝ። ራሳቸውን ነቀነቁና «እውነትሽን ነው፣ ሰፊ ነው» አሉ።

ሠራተኛዋ ጉዳዩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ጻፈችው። እስከ ዓርብ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ ልጅቷ ሐሰተኛ ሰነድ በማቅረብ ትባረራለች፤ እንዲህ የተባረረ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። የሎከር አባት ወረቀቶቻቸውን በተራ በተራ ወደ ማኅደሩ መለሱ። በሩ ላይ ስንለያይ እጄን ያዙና «ትምህርትሽን ትተሽ አብረሽኝ ዞርሽ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዶርም ስገባ አራቱም ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ መስኮቱ ላይ ያልኩትንም ጭምር። ማዘር የምታጥፈውን ልብስ ተወችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

«ልናገር ነዋ።»

«ስለራስሽ ብቻ ነው የምትናገሪው?»

«ስለራሴ ብቻ።»

«እሱን እነሱ ናቸው የሚወስኑት» አለች። «አንድ ፊርማ ተጭበርብሯል ካልሽ የሁሉንም ያወጣሉ። እኔን ባለፈው ወር ስንት ቀን ፈረምሽልኝ? አንቺ ሃያ አንድ ዓመትሽ ነው፣ ቢያግዱሽ ተመልሰሽ ትመጪያለሽ። እኔ ሃያ ስምንት ሞልቶኛል። ያቺን ፎቶ ኮፒ ማሽን ትቼ የወጣሁት እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የምሰጠው አንድ ዓመት የለኝም።»

«እሷ ራሷ ናት ፈርሚልኝ ያለችው» አለች ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው። «አስገድደሽ አልፈረምሽላት።»

«ሁለት ቀን ነው ያለችኝ!» ብዬ ጮህኩባት። «ሁለት ቀን! ስድስት ሳምንት ያደረግኩት እኔ ነኝ!»

ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ተኳረፍን። ከሁሉ ያናደደኝ ማዘር ልክ መሆኗ ነው። ክፉ ብትሆንብኝ እሟገታት ነበር።

ረቡዕ እናቴ ደወለች። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ለምረቃዬ የሚሆን ጨርቅ ካሁኑ ገዝታ አስቀምጣለች፤ ምረቃው ገና ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። «ወገብሽ ያው ነው አይደል? እንዳትወፍሪብኝ» አለችኝ። ሳቅኩላት። ስልኩን ዘጋሁና ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የዚህች ተማሪ ፊርማ የሷ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው የፈረመው፣ ይጣራ የሚል። ስሜን አልጻፍኩም። በምሳ ሰዓት በዲፓርትመንቱ በር ሥር አስገብቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ ጽዳት ሠራተኛዋ ጠርጋ ከቆሻሻው ጋር ስታወጣው አየሁ። ለሰው ሁሉ የምፈርም ሴት ያችን አንዲት ወረቀት መፈረም አቅቶኝ ይኸው ተጠረገች።

ሐሙስ በአራት ሰዓት የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ቢሮ አንኳኳሁ። ከአራቱ ኮርሶች አንዱን የሚያስተምረን እሱ ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው አባልም ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተቆልሎ ፊቱን ሸፍኖታል። ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

እስክጨርስ ጠበቀና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ተቀመጪ» አለኝ። «ጓደኛሽን ልታድኚ መሆኑ ይገባኛል። ጥሩ ልብ ነው። ግን እኛ ፊርማውን ከምዝገባ ፎርሟ ጋር አስተያይተነዋል፤ ያው ነው። የሷ ነው። ለጓደኛ ብለሽ ያልሠራሽውን ሠራሁ አትበይ።»

ይህን አልጠበቅኩም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት እንደሚጮህብኝ ሳስብ ነበር የቆየሁት፤ አላመነኝም።

«መምህር፣ ወረቀት ይስጡኝ» አልኩት።

ሰጠኝ። ፈረምኩ። ደግሜ ፈረምኩ። አምስት ጊዜ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር። እጄ እንዲንቀጠቀጥ ፈልጌ ነበር፣ አልተንቀጠቀጠም። ወረቀቱን አንስቶ ከፋይሉ አጠገብ ያዘው። የአምስቱንም ጅራት አንድ በአንድ አስተያየ።

«የኔንም ክፍል ፈርመሽላታል?»

«አዎ።»

«ስድስቱንም ሳምንት?»

«አዎ መምህር።»

«ይህን ፊርማ አይቼ የተሳትፎ ነጥብ ሰጥቻታለሁ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ። ወረቀቱን አስቀመጠ። «ለሌላስ ለማን ፈርመሽ ታውቂያለሽ?»

«ለሷ ብቻ ነው።»

ዓይኔን አየኝ። እንደዋሸሁ ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አውቃለሁ። ከበሩ ውጭ ሰው ያንኳኳል። «ለሷ ብቻ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ እንድፈርም ሰጠኝ። በራሴ፣ በዶሮ ጭረቴ ፈረምኩ።

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። የሎከር ማቋረጫ ጸደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካቆመችበት ትቀጥላለች። እኔ አንድ ዓመት ታገድኩ። የሌላ የማንም ፊርማ አልተመረመረም። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት «ወደ ቤት ነይ» ብቻ አለችኝ። ስለ ጨርቁ አላነሳችም። ማዘር ልብሴን በራሷ እጅ አጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ፤ ስታጥፍም እያለቀሰች ነበር። አቀፈችኝ እንጂ ይቅርታ አላለችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

በምወጣበት ቀን ጠዋት የሎከር አባት የልጃቸውን ዕቃ ሊወስዱ መጡ። ሌሎቹ ክፍል ሄደው ነበር። አሁን ግን ኮቱን አልለበሱም። ሁሉንም ያውቃሉ፤ ኮሚቴው የጻፈው ደብዳቤ ላይ የፈረመችው እኔ መሆኔ ሰፍሯል። ሰላም አሉኝና የላይኛውን አልጋ አዩት።

ፍራሹን አወረድን። ብርድ ልብሱን አጠፍን፣ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ይዘን። ስንገናኝ ጫፉን ከእጄ ተቀበሉ።

«በመጨረሻ በመናገርሽ አመሰግንሻለሁ» አሉ። «ልጄ እንደማትባረር ስነግራት በልታለች። መስኮቱ ላይ ያልሽውን ግን አልረሳሁትም፣ አልዋሽሽም።»

«ጋሼ፣ እኔም አልረሳሁትም።»

ብርድ ልብሱን ታቅፈው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትፈርሚ፣ ያን ሁሉ ቀን፣ የት ሄደች ብለሽ ሰው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ስልክ ዝግ ነበር ልል ነበር። ከመውጣቷ በፊት የነበሩት ሁለት ወራት ትዝ አሉኝ፤ ያኔ ስልክ አያስፈልግም ነበር፣ ከራሴ በላይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር የምትተኛው።

«አልጠየቅኩም» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የብርድ ልብሱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ ቆዩ።

«በየእሑዱ እደውልላት ነበር» አሉ። «መኪና ላይ ከመውጣቴ በፊት። በርቺ እላታለሁ፣ እሺ አባዬ ትለኛለች፣ እዘጋለሁ። እኔም አልጠየቅኳትም።»